የውሻ ድስትና የሰው ረኃብ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሲነገር የሚታሰበው ውሻው አይደለም። ጉርሻ ላገኘበት ደጅ የሚሟገት፣ ለጥቅሙ ሲል የሚመሰክር ሰው ነው በውሻው ስም የሚነቀፈው። ስለሆነም ውሻው በእርግጥ ምን በላ፣ ማንስ አበላው ተብሎ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ገጠርም ሆነ ከተማ በአብዛኛው ቤት የውሻ ድርሻ የታወቀ ነው፤ በመሶቡ ዙሪያ ከተቀመጡት ሁሉ የተረፈው፣ ከሕፃናት እጅ የወደቀው፣ ከድስት ጥግ ተፍቆ የወጣው ፍርፋሪ ነው። ሥጋ ከተባለም የተጋጠ አጥንት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከጅብና ከሌባ ሲጠብቅ የሚያድር ፍጡር ደመወዙ ትራፊ መሆኑ ማንንም አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ ከዚያም አልፎ ብዙ ሰው የሚያስቆጣው፣ አንድ ሰው ድስት ጥዶ፣ ሥጋ ከትፎ፣ ለውሻ ብቻ የታሰበ ወጥ ሲሠራ የታየ እንደሆነ ነው። «ሰው እየተራበ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ጥያቄው ከባድ ነውና በፈገግታ ሊታለፍ አይገባውም።

ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ በይፋ ቀርቦ ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የዘመን መለወጫው ዕለት፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ፊልሙ ግን ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1973 በብሪታንያ እንደታየው ሆኖ አልቀረበም። በረኃብ በሚረግፉት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚታዩባቸው ሥዕሎች እንዲገቡበት ተደርጎ ነበር። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የመንግሥቱ መውደቅ ምክንያቶች ብዙና ሥር የሰደዱ ቢሆኑም፣ በተመልካቹ ልቡና የቀረው ግን ያ አንድ ምስል ነበር፦ ሥጋ፣ ውሻ፣ ቀጥሎም አጥንቱ የወጣ ሕፃን።

ምስሉ ምን አስረዳ ተብሎ በጥሞና ሲጠየቅ ነገሩ እንደ መጀመሪያው ቀላል ሆኖ አይገኝም። ለውሾቹ የተጣለው ሥጋ ወሎ ቢደርስ የአንድ ቤተ ሰብን የአንድ ቀን ረኃብ እንኳ ባላስታገሠ ነበር። ከባዱ ጥፋት ረኃቡ መደበቁ፣ እርዳታ በጊዜው አለመጠየቁ፣ ገባሩ ጎተራው ተሟጦ ሳለ ግብር መጠየቁ ነበር። ይህ ሁሉ ግን በፊልም አይታይም፤ የተደበቀ ነገር ሥዕል የለውምና። ውሻው ሥዕል ነበረው። ስለዚህ ሊታይ በማይችለው በደል ፈንታ የሚታየው ውሻ ተከሰሰ። ያንን ፊልም ያሳየው መንግሥት ራሱ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኃብ እያለቀ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር በዚያ በዓል ላይ ሥጋ የሚበላ ውሻ አልታየም። በደሉ በዚህ ምክንያት አላነሰም።

እንዲህ ከተባለ በኋላ ግን የዚያ ምስል ኃይል ሐሰት ብቻ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ተመልካቹን ያንገበገበው ስሜት እውነተኛ ስሜት ነው፤ የማዕድ ተራ መፍረሱ ነው ያስቆጣው። በማንኛውም ኅብረተሰብ ዘንድ ማን ቀድሞ ይበላል የሚለው ሕግ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ ያረጀ ነው። በማቴዎስ ወንጌል የተነገረችው ከነናዊት ሴት ይህን ሕግ አልካደችም፤ እንጀራው በመጀመሪያ የልጆች መሆኑን ተቀብላ፣ ከገበታው የሚወድቀው ግን ለውሾችም ይደርሳል ስትል ተከራከረች፤ ክርክሯም ተሰማላት። በእስልምና ትውፊትም በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተሰረየለት ይነገራል። ልብ የሚባለው፣ ሰውዬው ራሱ አስቀድሞ መጠጣቱ ነው። መጀመሪያ ማን ነው የሚለውና ሌላ ማንም የለም የሚለው በነዚህ ትረካዎች አንድ ነገር አይደሉም።

እንግዲህ ለውሻ የሚጣደው ድስት ከሰው አፍ የሚነጥቀው ምን እንደሆነ ወደ ጓዳ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። በበዓል ሰሞን ቅርጫ ሲታረድ ጨጓራውና ጉበቱ ለዱለት፣ ሽንጡና ብልቱ ለወጥና ለጥብስ ይውላል። ሳንባው ግን በአብዛኛው ቤት የሰው ምግብ አይደለም። ከጉሮሮ አካባቢ የሚቆረጠው፣ ጅማት የበዛበት ቅንጥብጣቢም እንዲሁ ይጣላል። ይህ በሚገባ ተቀቅሎ፣ ከትንሽ ሩዝ ወይም ከቂንጬ፣ ከካሮትና ከዱባ ጋር ቢቀላቀል ለውሻ የተሟላ ለመሆን የተቃረበ ምግብ ነው። እህል መጨመሩ ለቁጠባ ብቻ የተደረገ አይደለም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስረዱት ውሻ ከተኩላ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ እህልን የመፍጨት ችሎታውን የሚያጎለብተው የዘር ቅንጣት በብዛት ተባዝቶ መገኘቱ ነው። ከሰው ጋር በአንድ ደጅ ሲኖር የሰውን እህል መብላትን ሥጋው ተምሮታል ማለት ነው።

ደግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻውን የሚወድ ሰው ከራሱ ወጥ ቢያካፍለው ከዚህ የበለጠ ደግነት ያለ አይመስለውም። ነገር ግን የሐበሻ ወጥ መሠረቱ ቁሌት ነው፤ የቁሌት መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም ይከተላል። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም መርዛቸው አይጠፋም። ጉዳቱ እንደ ወሰደው መጠን ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ፣ የደከመው ውሻ ድካም ከወጡ ጋር ተያይዞ አይታሰብም። በርበሬውና ጨው የበዛበት መረቅ አንጀቱን ያውካሉ። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ሲሰበር እንደ መርፌ ሾሎ ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። በፍቅር የቀረበው ጉርሻ፣ ሰጪው ለራሱ የሚጥመውን ብቻ መመዘኛ በማድረጉ፣ ጉዳት ሆነ። በሌላው ወገን ሥጋ ብቻ ከበላ ይበቃዋል የሚለውም ሰው ይሳሳታል። በሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ሥጋ ብቻ እየበላ የሚያድግ ቡችላ አጥንቱ ሳስቶ ይጎብጣል። መድኃኒቱ በየቤቱ የሚጣል ነገር ነው፦ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ልሞ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ለአንድ ኪሎ ምግብ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ጉበትም ቢሆን ጥቂቱ ይጠቅማል፣ በየቀኑ ሲበዛ ይጎዳል። እንግዲህ ለሌላ ፍጡር መልካም ማድረግ የዚያን ፍጡር አካል መማርን ይጠይቃል፤ የደግነት ስሜት ብቻውን ይህን አያስተምርም።

ምግቡ መብሰሉስ? ጥሬውን ወርውሮ መገላገል ይቀል የለምን? በእርድ ቀን በብዙ ግቢ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ ውኃ የቋጠረ እባጭ የተገኘበት ሳንባና ጉበት ከሰው ምግብ ተለይቶ እዚያው ለሚጠባበቀው ውሻ ይጣላል። በዚያ እባጭ ውስጥ ግን የኮሶ ዘመድ የሆነ፣ ካደገ በኋላ እንኳ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል ጽንስ አለ። በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉም ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ሣሩ፣ ወደ ውኃው፣ ውሻውን ወደሚዳስሰው ልጅ እጅ ይሄዳል። በጉና በሬው ሲግጡ ይወስዱታል፤ ልጁም በእጁ ሲበላ ይወስደዋል። በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ተመሳሳይ እባጭ ለዓመታት በዝግታ እየሰፋ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው ቀዶ ጥገና ግድ ሲል ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በሚፈላ ውኃ መቀቀል ይህን ዙር ይቆርጠዋል። ሳንባውን ወርውሮ የሚሄደው ሰው ለውሻው የለገሰ ይመስለዋል፤ ለጎረቤቱ ልጅ ግን በሽታ ልኳል። ድስት የጣደችው ሴት በማገዶዋ የከፈለችው ዋጋ ለውሻው ብቻ አልነበረም። «ሰው እየተራበ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይህን ወገን አላየውም።

ከረኃብ ጥያቄ ጎን ለጎን ጾም የሚያስነሣው ሌላ ጥያቄም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በክርስቲያን ቤት ሥጋ አይበስልም። በዚያ ወቅት የወለደች ውሻ ስድስት ሰባት ቡችላ እያጠባች በሽሮ የራሰ እንጀራ ብቻ ስትበላ ትከሳለች፤ ቡችሎቿም ይጫጫሉ። የቤቱ እመቤት ከቤት ውጭ፣ በተለየ ድስት፣ ጥቂት ሥጋ ብትቀቅልላት ጾሙን አፈረሰች ይባላልን? ጎረቤት ሽታው ሲደርሰው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። በነነዌ ጾም ከሰዎቹ ጋር እንስሳትም እንዲጾሙ መታዘዙን የሚያስታውስ ሊኖር ይችላል። ያ ግን ከተማይቱ ልትጠፋ በተቃረበችበት በሦስት ቀን ጭንቅ የታወጀ የንጉሥ ትእዛዝ ነበር፤ ውሻ በየዓመቱ እንዲጾም የሚያዝ ሥርዓት አይደለም። ጾም ፈቃድን ይጠይቃል። ባለቤቱ በፈቃዱ የሚተወውን ውሻው ያለ ፈቃዱ ሲተው የጿሚው ጽድቅ አይጨምርም፤ የውሻው ረኃብ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ አንድ አልሆኑም። ካንት ሰው ለእንስሳ በቀጥታ የሚኖርበት ግዴታ የለም ይላል፤ ሆኖም አርጅቶ ማገልገል ስለተሳነው ብቻ ውሻውን የሚያስገድል ሰው የራሱን ሰብአዊነት ይጎዳል ባይ ነው። ቤንታም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ እንስሳት ያስባሉ ወይስ ይናገራሉ ማለቱን ትቶ ይሠቃያሉ ወይ ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ አመለከተ። በደጅ ለተኛ ውሻ የቤንታም ጥያቄ ይቀርበዋል። ሆኖም የካንትን አሳብ ጨርሶ መጣል አይቻልም፤ ምክንያቱም በውሻ ድስት ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎችም አሉ።

ይኸውም ዛሬ በትልልቅ ከተሞች፣ ከፍ ባለ አጥር ውስጥ፣ ጎልቶ ይታያል። ከውጭ የመጣ ዘር ያለው ውሻ በቀን የተመጠነ ሥጋ ይቀቀልለታል፤ ሥጋውም ሳንባና ቅንጥብጣቢ ሳይሆን ከሥጋ ቤት በኪሎ የተገዛ ነው። ቀቃይዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ አቅራቢው ዘበኛው ነው። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። እንዲያውም የእንቁላሉን ቅርፊት መጠን፣ የካሮቱን ልክ፣ ሽንኩርት አለመግባቱን በጥንቃቄ ይጠይቃሉ፤ ስለ ውሻው አካል መማር የሚገባቸውን ሁሉ ተምረዋል። ከ1967ቱ ፊልም የተለየ ነገር ቢኖር፣ እዚህ ሁለቱን ሥዕል የሚያገናኝ አዘጋጅ አለማስፈለጉ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ማእድ ቤት ውስጥ ይገኛሉና። ውሻው በዚህም ጊዜ ጥፋት የለበትም፤ የቀረበለትን ይበላል፣ ሌሊትም ይጠብቃል። ዘበኛው ሳህኑን ይዞ ወደ ውሻው ቤት ሲሄድ የራሱ እራት በፌስታል የታሰረ ደረቅ ዳቦ ነው። ሥጋውን ለስልሶ እንደሆነ በማንኪያ የምትሞክረዋን ልጅ እርሷ ምሳ በልታ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።