ድምፅን የሚመሰክር ጆሮ

በቤቱ ተቀምጦ የጊታሩን ድምፅ ለመቅረፅ የሚሻ፣ ገንዘቡ ግን ለታላላቅ ስቱዲዮዎች መሣሪያ የማይደርስ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ባለኝ ገንዘብ የትኛውን ማይክሮፎን ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ቢመስልም፣ ከሥሩ ሲመረመር ሌላ ጥንታዊ ጥያቄ ተሸክሞ ይገኛል፤ ይኸውም ፍጡርና ውሱን የሆነ መስማት በፊቱ የሚሆነውን ነገር በእውነት ሊመሰክር ይችላልን፣ የሚችል ከሆነስ የምስክርነቱ እውነት ከመሣሪያው ክብር የሚመነጭ ነውን ወይስ ከሌላ ስፍራ የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ መጀመሪያው መሮጥ ገንዘብንም ልቡናንም ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ጊታሩ አንድ የታወቀ ድምፅ እንዳለው፣ መልካም ማይክሮፎን ማለትም ያንን ድምፅ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያመጣ እንደ ሆነ አድርጎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጆሮውን ወደ ጊታሩ ቀዳዳ ያስጠጋ ሰው፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር በ100 ሄርዝ አካባቢ የሚያሰማው ጉምጉምታ ሌላውን ሁሉ ሲውጠው ይሰማል፤ ወደ አንገቱ በኩል ዞር ብሎ ከ12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ቢያዳምጥ የወፍራሙ አውታር ክብደትና የቀጭኑ አውታር ጥራት ተመዛዝነው ይደርሱታል፤ ሦስት ሜትር ቢርቅ ደግሞ የሚሰማው ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ወለሉን ጭምር ነው። ተጫዋቹ ራሱ፣ ሣጥኑን በደረቱ አቅፎ ከላይ ወደ ታች የሚያዳምጠው፣ በአጥንቱ የሚተላለፍለትን ሌላ ማንም የማይካፈለውን ድምፅ ይሰማል፤ ስለዚህም የተቀረፀውን መልሶ ሲያዳምጥ «ይህ የእኔ ጊታር አይደለም» ይላል። ከእነዚህ ሁሉ እውነተኛው የትኛው ነው? ሁሉም እውነተኞች ናቸው፤ ምሉእ ግን አንዱም አይደለም። ከስፍራ ሁሉ በአንድ ጊዜ መስማት በሁሉ ምሉእ ለሆነው ለፈጣሪ ብቻ የተገባ ሲሆን፣ ፍጡር ግን፣ ሥጋ ለባሽም ይሁን ከብረት የተሠራ፣ የሚሰማው ከቆመበት ነው። ስለዚህ «እውነተኛውን ድምፅ የሚሰጠኝ የትኛው ማይክሮፎን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሳያውቀው ለመሣሪያ የማይገባውን ባሕርይ ከመሣሪያ ይፈልጋል።

ይህን ስል ውድ የሆነው ማይክሮፎን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1928 (እ.ኤ.አ.) በበርሊን የተመሠረተው የኖይማን ኩባንያ ከ1967 ጀምሮ የሚያወጣው ዩ 87፣ ዛሬ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣው፣ የሠሪዎቹን ጥበብና ትጋት በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን ድሀው ከዚህ ጥበብ ፈጽሞ አልተከለከለም። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን በ1916 በአሜሪካዊው ዌንቴ እጅ ሲወለድ፣ በቀጭን ሽፋንና በብረት ሰሌዳ መካከል የኤሌክትሪክ ሙል እንዲኖር ከውጭ ኃይለኛ ቮልት ያስፈልገው ነበር፤ በ1962 ግን ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት በቤል ቤተ ሙከራ ሳሉ፣ ሙሉን ለብዙ ዘመን ይዞ የሚቆይ የቴፍሎን ሽፋን ስለ ሠሩ፣ የባለጸጎች የነበረው መሣሪያ በጥቂት ገንዘብ ሊሠራ ቻለ። አንድ መቶ ዶላር ገደማ የሚያወጣው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 የዚህ ግኝት ልጅ ነው፤ ማይክሮፎንን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ 48 ቮልት ካገኘ፣ ጥፍር አውታሩን ሲነካ የሚፈጠረውን ያን ፈጣንና ስለታም ጅማሬ ሳያደበዝዝ ይቀበላል። በዚያው ዋጋ የሚገኘውና ከ1965 ጀምሮ መልኩ እምብዛም ያልተለወጠው የሹር ኤስ ኤም 57 ደግሞ ዳይናሚክ ስለ ሆነ፣ በማግኔት መካከል ሽቦ ተሸክሞ የሚንቀሳቀሰው ሽፋኑ ከብዶ፣ ከ15,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ረቂቅ ነገር አያመጣም፤ ነገር ግን ክፉ ክፍልን ይታገሣል፣ ቢወድቅም አይሰበርም፣ የ48 ቮልትም ጥገኛ አይደለም።

በዚህ ላይ ውድነት የሚገዛው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጸጥታ ነው። በማይክሮፎን ውስጥ፣ ዓለም ሁሉ ዝም ቢል እንኳ የማያቋርጥ የገዛ ራሱ ሹክሹክታ አለ። የኤቲ 2020 ሹክሹክታ 20 ዴሲቤል ሲሆን፣ የአውስትራሊያው ሮድ ኤንቲ 1 ግን 4.5 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ገዢም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያይ ልቡ ይነዋወጣል። ይሁን እንጂ ጸጥ ያለ የተባለ መኖሪያ ቤት በሌሊት 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለው፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ የመብራቱ ትራንስፎርመር ይነዝራል፣ ከሩቅ መኪና ያልፋል። እንግዲህ በቤቱ ጩኸት ውስጥ የሚሰጥመውን የመሣሪያ ሹክሹክታ ለማጥፋት ገንዘብ ማውጣት፣ የቤቱን ጩኸት ግን እንዳለ መተው፣ ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ሥራ ነው። ገዳማውያን አበው አርምሞን የሕይወታቸው ሥርዓት ያደረጉት ጆሯቸው ስለ ደከመ አልነበረም፤ ሰሚው ራሱ ዝም ካላለ የሚሰማው ነገር እንደማይደርሰው ስለ ተረዱ ነው እንጂ። ቤቱን ዝም ለማሰኘት የሚደረገው ነገር፣ ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፣ መስኮቱን መዝጋት፣ ሰው የተኛበትን ሰዓት መምረጥ፣ ከተጫዋቹ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ይህ ሁሉ ዋጋው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ትዕግሥት ግን ከገንዘብ ይልቅ የሚያስቸግረን ስለ ሆነ፣ ብዙዎቻችን በትዕግሥት ፋንታ ገንዘብ እንከፍላለን።

የምስክርነት እውነት ከመሣሪያው ክብር እንደማይመነጭ ለማሳየት የምጠራው ምስክር ከዚያው ከኒው ጀርሲ፣ የቤል ቤተ ሙከራ ከነበረበት አገር ነው። ዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 መጀመሪያ በኮልትስ ኔክ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ተቀምጦ፣ በሁለት ኤስ ኤም 57 ማይክሮፎኖችና ታስካም ፖርታስቱዲዮ በሚባል ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ አዳዲስ ዘፈኖቹን ቀረፀ። ሐሳቡ ለባንዱ እንዲያሰማቸውና በስቱዲዮ በሚገባ እንዲሠሩ ነበር፤ ባንዱም በስቱዲዮ ሞከራቸው። ነገር ግን መሣሪያው በተሻለ ቁጥር የዘፈኖቹ ብቸኝነት እየሸሸ ስለ ሄደ፣ በመጨረሻ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር «ኔብራስካ» ተብሎ የታተመው ያው ካሴት ሆነ። ሰው ይህን ሰምቶ «ርካሽ መሣሪያ ይበልጣል» ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል፤ ካሴቱን ለማተም የሚበቃ ለማድረግ መሐንዲሶች ብዙ ደክመዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ እነዚያ ሁለት ማይክሮፎኖች፣ አንድ ሰው ለማንም ሳይታይ ለራሱ በሚዘፍንበት ስፍራና ሰዓት በቦታው ተገኝተው ነበር፤ የስቱዲዮው ማይክሮፎኖች፣ ምንም የከበሩ ቢሆኑ፣ በዚያ አልነበሩም። ባልነበረበት ነገር ላይ ሊመሰክር የሚችል ምስክር ደግሞ የለም።

ከእኛም ወገን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ ሲዘምሩ በተራ የካሴት መቅረጫ ያስቀሩት ድምፅ፣ እርሳቸው በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ታትሞ ወጥቷል። መሣሪያው ጊታር አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። በዚያ ቅጂ ውስጥ ከመስኮት ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ፤ የስቱዲዮ ሠራተኛ ቢሆን እንደ ነውር ቆጥሮ ባስወገዳቸው ነበር። እኔ ግን እነዚያ ወፎች የምስክርነቱ አካል ናቸው እላለሁ፤ መነኩሲቷ በዚያ ቤት፣ በዚያች ከተማ፣ በዚያ የመከራ ዘመን መዘመራቸውን ከፒያኖው ጋር አብረው ይናገራሉና።

ምስክር ይብዛልኝ ብሎ ሁለት ርካሽ ማይክሮፎኖችን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የኦሪት ሕግ ሰው በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይፈረድበት አዝዟል፤ በድምፅ ዓለም ግን ሁለት እውነተኞች ምስክሮች እርስ በርሳቸው ሊጠፋፉ ይችላሉ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንዱ ማይክሮፎን ከጊታሩ በ17 ሴንቲ ሜትር ከሌላው ቢርቅ፣ በ1,000 ሄርዝ የሚርገበገበው ሞገድ በአንዱ ዘንድ ከፍ ሲል በሌላው ዘንድ ዝቅ ይላል፤ የሁለቱ ቃል በአንድነት ሲደመር ያ ድምፅ ይመነምናል፣ ጊታሩም ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ ሣጥን ያሰማል። ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ከቆመበት ስፍራ እውነቱን ተናግሯል፤ ስፍራቸውን ያስማማ አስተዋይ ስላልነበረ ግን የሁለት እውነቶች ድምር ሐሰት ሆነ። በዚህ ነገር ላይ ደጋግሜ ባሰብሁ ቁጥር፣ በሰዎች መካከል ስንት ጠብ ከዚህ የተነሣ እንደ ሆነ እያሰብሁ እተክዛለሁ።

ስለዚህ ጀማሪው አንድ ማይክሮፎን ብቻ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ክፍሉን ጸጥ ማድረግ ከቻለ ኮንደንሰሩን፣ ካልቻለ ዳይናሚኩን። ከመትከሉም በፊት ሌላ ሰው ጊታሩን እንዲመታለት አድርጎ፣ አንድ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ፣ በሌላው ጆሮ ብቻ እያዳመጠ ቀስ ብሎ በጊታሩ ዙሪያ ይሂድ፤ ይጎንበስ፣ ይቅረብ፣ ይራቅ፤ ልቡ «እዚህ ነው» ያለበት ስፍራ ሲደርስ፣ ማይክሮፎኑን ጆሮው በነበረበት ያቁመው፤ የጊታሩ ጉምጉምታ ከበዛበት፣ ከላይ የጠቀስኋቸው ሁለቱ ርካሽ ማይክሮፎኖች ወደ ድምፁ በቀረቡ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ያለ መጠን የሚያጎሉ ስለ ሆኑ፣ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይመልሰው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ገንዘብ ካለ ለአዲስ አውታር ይዋል፤ በላብና በዝገት የደነዘዘ አውታር ያጣውን ድምፅ ኖይማንም ቢሆን አይመልሰውምና።