ገባብን

«ገባብን!» ብዬ ጮህኩ።

እጄ እስከ ክርኔ ድረስ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነበር። ቀኑ እሁድ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2010፤ ቦታው ቶሮንቶ፣ ሰሃን የማጥብበት ምግብ ቤት ጓዳ። በበሩ ክፍተት በኩል አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን በአንድ ዓይኔ እያየሁ ነው። የቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ፣ የወንዶች አይስ ሆኪ ፍጻሜ፣ ካናዳ ከአሜሪካ። ካናዳ 2 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ 24 ሰከንድ ቀርቶታል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ቆሟል፤ አንዳንዱ መተቃቀፍ ጀምሯል። አሜሪካኖቹ በረኛቸውን አስወጥተው በምትኩ ስድስተኛ አጥቂ አስገብተዋል። ከዚያ ዛክ ፓሪዜ የሚባለው ልጅ በረኛው የተፋትን አገኘና አስቆጠረ። 2 ለ 2።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የተሰማው የእኔ ጩኸት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አጠገቤ ድንች የሚልጡት ሰውዬ ቢላቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። የአገሬ ሰው ናቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። እዚያ አገር ሃያ ዓመት ኖረዋል።

«ምን አልክ?»

«ገባብን አልኩ፣ ጋሼ።»

«ገባብን?» አሉ፣ ቃሉን እንደ ድንቹ እያገላበጡ። «የአንተ ወረቀት ገና አልመጣ። ምን አገባህ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የጥያቄያቸውን መልስ ስፈልግ ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ።

የበረዶ ሆኪን ለማያውቅ ሰው ሁልጊዜ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ገናን አስቡ። ቆልማማ ዱላ፣ ሁለት ቡድን፣ ግፊያ፣ ጉልበት። ሜዳውን በረዶ አድርጉት፣ ሩሯን ፓክ በሚሏት ጠፍጣፋ ጎማ ለውጧት፣ ጫማው ሥር ስለት ግጠሙ፤ በቃ ገብቷችኋል። የማይገባችሁ ጨዋታው ለካናዳ ሰው ምን እንደሆነ ነው። ያን ቀን በአማካይ 16.6 ሚሊዮን ካናዳዊ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። የአገሩ ሕዝብ ያኔ 34 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሳምንት በፊት በምድብ ጨዋታ አሜሪካ ካናዳን እዚያው ቫንኩቨር ላይ 5 ለ 3 ስላሸነፈች ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን ሲቆርጠው ነው የሰነበተው።

እኔ ደግሞ አገሩ ከገባሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። በረዶ ላይ መቆም ቀርቶ መራመድ እየተማርኩ ነበር። ታዲያ «ገባብን» ውስጥ ያለው «እኛ» ማን ነው?

ጥያቄው የስደተኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲድኒ ላይ በ2000 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈሩ በሙሉ «አሸነፍን!» እያለ ወጣ። ማንኛችንም አንድ ዙር አልሮጥንም። አዲስ አበባ ውስጥ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ገብታችሁ የአርሴናል ደጋፊ ንግግር ስሙ። ለንደንን በካርታ እንኳ አይቷት የማያውቅ ልጅ «ዛሬ እንበላቸዋለን» ይላል። ሲሸነፉስ? «እነዚህ ልጆች መጫወት አይችሉም»። በሁለት ሰዓት ውስጥ «እኛ» የነበረው «እነዚህ» ሆነ።

ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። ሮበርት ቻልዲኒ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1976 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተከታተሉ። የትምህርት ቤቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ፣ ሰኞ የትምህርት ቤቱን ስም የያዘ ልብስ ለብሶ የሚመጣው ተማሪ ይበዛል። ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደግሞ ላሸነፉት «እኛ» የማለት ዝንባሌያቸው ካላሸነፉት በልጦ ተገኘ። እንግዲህ የአርሴናሉ ልጅ ብቻውን አይደለም።

እኛ ቤት ይህ ነገር ጥናት ሳያስፈልገው ይታወቃል። ሰርግ ላይ ዘመድ ይበዛል። ለቅሶ ላይ ነው ዘመድ የሚለየው። ስለዚህ ለራሴ ስም አወጣሁላቸው፦ አንደኛው የሰርግ እኛ፣ ሁለተኛው የለቅሶ እኛ። የሰርጉ ዋጋ የለውም። ልብስህን ቀይረህ መሄድ ነው። የለቅሶው ያስከፍላል።

አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ገባ» ዜና ነው። «ገባልን» ደስታ ነው። «ገባብን» ግን ጉዳቱ የሚያርፍበት ትከሻ ይፈልጋል። ያቺ «ብን» ካለተጎጂ አትቆምም። እኔ ያን ቀን ሳላስበው ትከሻዬን ሰጠሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «አሸነፍን» ብዬ አላውቅም፤ ካናዳ በመራች ጊዜም ዝም ብዬ ሰሃኔን እያጠብኩ ነበር። የመጀመሪያዋ «እኛ» ከአፌ የወጣችው ሲገባብን ነው። ለጋሼ ያኔ ይህን ብመልስላቸው ደስ ባለኝ። ግን እንደምታውቁት ጥሩ መልስ የሚመጣው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው።

ጨዋታው ወደ ትርፍ ሰዓት ሄደ። አለቃችን ራሱ ሥራውን ጥሎ አዳራሽ ቆሟል፤ ስለዚህ እኔም እጄን አድርቄ ወጣሁ። ሰባት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ላይ ሲድኒ ክሮስቢ ከጃሮም ኢጊንላ የተቀበላትን በራያን ሚለር እግሮች መካከል ላካት። 3 ለ 2። ወርቅ። አንድ የማላውቀው ግዙፍ ሰውዬ ከነሽርጤ ከመሬት አነሳኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ ያንግ ጎዳና በሰው ተሞልቷል፤ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፣ ቀይና ነጩ ባንዲራ በየመስኮቱ ወጥቷል። የማላውቃቸው ሰዎች እጄን እየመቱ «አደረግነው!» አሉኝ። እኔም «አደረግነው!» አልኩ። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በእነሱ አልፈርድም። የሰርግ እኛ ማለት ይኸው ነው፤ ድንኳኑ ሲነሳ ያልቃል።

ቆይቼ ሳነብ ደግሞ ለክሮስቢ ያቀበለው ኢጊንላ አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ ስደተኛ መሆናቸውን አወቅሁ። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እሱ ነው። ይህን ለጋሼ ባቀርብላቸው «ይኸው አገባኝ» ማለት በቻልኩ ነበር። ቀላል መልስ ነው፣ ይፈትናልም። ግን እውነቱን ካወራን፣ ስጮህ ይህን አላውቅም። «እኛ» ለማለት መጀመሪያ የሚመስለኝን ሰው ቡድኑ ውስጥ መፈለግ ካለብኝ፣ ኢጊንላ ያልተሰለፈ ቀን «እኔ» ብቻ ሆኜ እቀራለሁ ማለት ነው።

ደግሞ ሜዳው ውስጥ ያለውም «እኛ» ቢሆን እንደምናስበው የጠራ አይደለም። ለአሜሪካ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ራያን ኬስለር በክለብ ደረጃ የሚጫወተው ለቫንኩቨር ነበር። የካናዳው በረኛ ሮቤርቶ ሉዎንጎም እንደዚሁ። ልጁ በሚጫወትበት ከተማ፣ በሚጫወትበት አዳራሽ፣ በራሱ ክለብ በረኛ ላይ አገባ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ለዚያው ኬስለር ያጨበጭባል። «እኛ» በደም የሚወረስ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልሆነ።

እስካሁን የተናገርኩት ጥሩ ይመስላል፤ ድል ርካሽ ነው፣ ሽንፈት እውነተኛ ነው። አንድ ችግር አለበት። ችግሩም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው የተፈጠረው።

ጁን 15 ቀን 2011 የቫንኩቨር ክለብ የስታንሊ ዋንጫን ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ በቦስተን ክለብ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከዓመት ከጥቂት ወር በፊት የማያውቀውን ሰው ያቀፈ ከተማ በዚያ ሌሊት መኪና አቃጠለ፣ መስታወት ሰበረ፣ ሱቅ ዘረፈ። እነዚያ ልጆችም እኮ «ገባብን» ብለዋል! የክለቡን ማሊያ ለብሰው ነው ያቃጠሉት። ስለዚህ መጎዳት ብቻውን ሰውን የ«እኛ» ባለቤት አያደርገውም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ደረቱን የሚደቃ አለ፤ ድንኳን የሚተክል፣ ውሃ የሚቀዳ አለ። ሁለቱም መጥተዋል፤ ለሐዘንተኛው ግን አንድ አይደሉም።

በማግስቱ ጠዋት ሌሎች ሰዎች መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ማንም አልጠራቸውም። መንገዱን ጠረጉ። የተሰበረው መስኮት የተሸፈነበት ጣውላ ላይ ይቅርታ ጻፉ። አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች ምንም አላቃጠሉም። ጥፋተኞቹ «እነሱ» ናቸው ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እነሱ ግን «ይቅርታ» አሉ፣ ያልሠሩትን እንደ ራሳቸው ቆጥረው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ደጋፊ «አሸነፍን» ሲል ያልሠራውን ወርቅ ይወስዳል። ይህን ከፈቀድንለት፣ እነዚያ መጥረጊያ የያዙት ሰዎች ያልሠሩትን ነውር መውሰዳቸውም ያስኬዳል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ነው የማያስኬደው። በደለኛ መሆንና ኃላፊነት መውሰድ ይለያያሉ፦ በደል የሠራው ሰው ነው፣ ኃላፊነት ግን «የእኛ ነው» ያለ ሁሉ ይወስደዋል። ያን ጊዜ «እኛ» ማለት ስለ ትናንት ዜና መናገሩ ይቀርና ስለ ነገ ቃል መግባት ይሆናል።

ይህ ነገር እኔን የነካኝ በ2016 ነው። የዜግነት መሐላ ስፈጽም። ቀኝ እጄን አንስቼ፣ የቫንኩቨሯ ወርቅ ትዝ ብላኝ፣ ለራሴ ፈገግ አልኩ፤ አሁን በሕግ የእኔም ናት። ቤት ስገባ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። በዚህ አገር ከ150 ሺህ በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው፣ ቋንቋቸውን እንዲረሱ ወደ ተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ሃርፐር ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ ጠይቀውበታል። እኔ ያኔ አልነበርኩም። አያቴ በሬ ያርሱ ነበር፣ የማንንም ልጅ አልወሰዱም። «ምን አገባኝ?» ማለት እችላለሁ። ታዲያ የክሮስቢ ጎልስ ምን አገባኝ? ሰሃን እያጠብኩ ነበር እኮ።

አገሬ ላይም ቢሆን ያው ነው። አድዋ ላይ «አሸነፍን» እላለሁ፣ አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ በስማችን የተሠራ ክፉ ነገር ሲነሳ ግን «የእነ እገሌ ሥራ ነው» የምል ከሆነ፣ እኔም የሰርግ ዘመድ ነኝ።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 ማታ ስልኬ ጮኸ። በአራቱ አገሮች ውድድር ፍጻሜ ካናዳና አሜሪካ ቦስተን ላይ እየተጫወቱ ነው። ወቅቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካናዳን 51ኛ ግዛት እናድርጋት የሚሉበት ስለነበር ጨዋታው ከጨዋታ በላይ ሆኗል። ሁለተኛው ክፍል ላይ አሜሪካ 2 ለ 1 መራች።

«አየህ?» አሉኝ ሰላምታ ሳይሰጡ። «ገባብን እኮ!»

አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኩት ዕድል ነው። «ጋሼ፣ እርስዎን ምን አገባዎት?»

ዝም አሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«የዕድራችንን ሊቀ መንበር እኮ ባለፈው ወር እዚሁ ቀበርናቸው» አሉ በመጨረሻ። «መሬቱ በረዶ ሆኖ አልቆፈር ብሎ፣ የማሽኑን ሰውዬ ስንለምን ዋልን። ጎረቤቶቹ ፈረንጆች ሳይቀሩ ብርዱ ላይ ቆመው ዋሉ። የእኔም ቦታ እዚያው አጠገባቸው ነው፣ ከፍያለሁ።» ትንሽ ቆዩና፣ «በል ዝጋው፣ ሊጀምሩ ነው።»

ሳም ቤኔት አቻ አደረገ። ትርፍ ሰዓት ላይ ኮነር ማክዴቪድ አገባ። 3 ለ 2። መልሼ ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው ተይዟል።