ሦስተኛ ወገን

አሮጌ መኪና ገዝታችሁ የምታውቁ ከሆነ አንዲት ሐረግ ታስታውሳላችሁ። ሻጩ በውሉ ላይ መኪናው «ከማናቸውም ዕዳና እገዳ ነፃ» መሆኑን ያረጋግጣል። ደላላው በችኮላ ያነባታል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ አለቀ። አዲስ መኪና በባንክ ብድር የገዛ ሰው ግን ይህቺን ሐረግ ለዓመታት አፉን ሞልቶ አይላትም። መኪናው ያብረቀርቃል፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሳም፣ ሊብሬው ላይ ግን የባንክ እገዳ አለ። ምርጫው እንግዲህ ነፃ በሆነ አሮጌና በታሰረ አዲስ መካከል ነው።

አብዛኞቻችን ይህን የሂሳብ ጥያቄ አድርገን ነው የምናየው። ካልኩሌተር ይወጣል፣ «የቱ ያዋጣል?» ይባላል። ሂሳቡን አልንቅም፤ እንዲያውም አብረን እንሠራዋለን። ነገር ግን ከሱ ሥር ሌላ ጥያቄ የተደበቀ ይመስለኛል፦ ነገሩ ሲበላሽ ጉዳቱ የሚወድቀው ማን ላይ ነው?

ጥያቄው እንደየከተማው መልኩን ይቀያይራል። አዲስ አበባ ላይ «አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በብድር ወይስ አሮጌ ቪትዝ በካሽ?» ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሰቆጣ፣ በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አዲስ ባጃጅ በብድር ወይስ የሰው እጅ ያየ በካሽ?» ሆኖ ይመጣል፤ አቅም ያለው ስለ ሚኒባስ ያስባል። የመኪናው ስም ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። እኔ ሰቆጣ ላይ ቆሜ ማሰብን የመረጥኩት፣ እዚያ ጥያቄው ራቁቱን ስለሚታይ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ የመጣውን ምክር እንለፈው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት የገንዘብ አስተማሪዎች «አዲስ መኪና ከመሸጫው በር እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ አሮጌ ግዛ» ይላሉ። ለነሱ አገር ልክ ነው። እኛ ጋ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚህ አገር አሮጌ መኪና ሲነዱት ከርመው ከገዙበት በላይ የሚሸጥ ነገር ሆኗል። ገበሬ በሬውን እንደሚያየው ነው የምናየው፤ ይሠራበታል፣ ደግሞም ቁጠባው ነው።

ብድሩም ቢሆን እንደ መጽሐፉ አይደለም። ከሐምሌ 2016 በፊት በብር ተበድሮ መኪና የገዛ ሰው፣ ዕዳው ባለበት ቆሞ የመኪናው ዋጋ ሲወጣ አይቷል። ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ቀኑ ስለገጠመለት ነው። ስለዚህ «ብድር ሁልጊዜ ሞኝነት ነው» የሚል ሰው የኢትዮጵያን ገበያ አያውቀውም፤ «ብድር ሁልጊዜ ያዋጣል» የሚል ደግሞ የሌላውን ሰው ዕድል እንደ ዕውቀት እየሸጠ ነው።

አሁን ሂሳቡ። እንበልና 500 ሺህ ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት የሚመለስ ተበደራችሁ። በእኩል ወርኃዊ ክፍያ ሲሰላ በየወሩ 12,700 ብር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ከምትከፍሉት ውስጥ 7,500 ብሩ ወለድ ነው። 60 ወር ሲሞላ የከፈላችሁት ወደ 762 ሺህ ብር ይጠጋል። ከ260 ሺህ በላይ የሆነው ትርፉ የጊዜ ኪራይ ነው፤ ነገ ልትይዙት የምትችሉትን ዛሬ በመያዛችሁ የተከፈለ።

ቃላቶቻችን ይህን ነገር ቀድመው አስበውበታል። «ወለድ» የመጣው «ወለደ» ከሚለው ግሥ ነው። የጥንት ግሪኮችም ወለድን «ቶኮስ» ይሉት ነበር፤ ውላጅ፣ ልጅ ማለት ነው። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው ይህንኑ ቃል አንስቶ፣ ገንዘብ ገንዘብን እንዲወልድ ማድረግ ከገቢ ዓይነቶች ሁሉ ከተፈጥሮ የራቀው ነው ብሎ ይሞግታል። ላም ትወልዳለች፣ ማሳ ያፈራል፤ ብር ግን ብቻውን አይወልድም። የሚያምጥለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ተበዳሪው ነው። «ብድር» የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ነው። «ብድሩን መለሰ» ስንል ውለታ ከፈለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተበቀለ ማለትም ሊሆን ይችላል። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል፤ የቱ እንደሚሆን የሚወስነው መመለሻው ቀን ሲደርስ ነው።

ቀኑ። የብድር ውል የሚያውቀው አንድ ዓይነት ወር ብቻ ነው። መስከረምም ሰኔም ለሱ እኩል 12,700 ብር ናቸው። ዋግ ላይ ግን ወሮች እኩል ሆነው አያውቁም። ዝናብ ሲቀር ገበሬው ገበያ አይወጣም፤ ገበሬው ካልወጣ ባጃጁ የሚጭነው የለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ረኃብ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጀመሪያ የመጣው በሬውን የጨረሰው የከብት በሽታ ነበር። ያ ሰው ጉልበትም መሬትም እያለው መሥሪያውን አጣ። 1977ን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ ስለ ቦታው የሚናገረው አለ። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፤ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲቆረጥ የዛሬ ወጣቶች በዓይናቸው አይተዋል። እዚህ አገር የ5 ዓመት ወርኃዊ ክፍያ መፈረም ስለ ዝናቡም ስለ ሰላሙም ቃል መግባት ነው። ሁለቱም የፈራሚው አይደሉም።

እስቲ ሁለት ጓደኛሞችን እናስብ። አንዱ ያጠራቀማትን አውጥቶ አሮጌ ባጃጅ ገዛ። ሌላው አዲስ በብድር አወጣ። መንገድ ለሦስት ወር ተዘጋ እንበል። የመጀመሪያው ባጃጁን ግቢ አስገብቶ ሸራ ያለብሰዋል፤ እሱም ቤተሰቡም ይቸገራሉ፣ ሽሮ ይሳሳል፣ ግን ችግሩ ከአጥሩ አይወጣም። የሁለተኛው ባጃጅም ቆሟል፤ ወለዱ ግን አልቆመም። ወለድ ኬላ አያግደውም። በአራተኛው ወር ችግሩ በሩን ከፍቶ ይወጣና ሌላ ሰው ቤት ይገባል፤ ዋሱ ቤት።

ዋስ ማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጻፍለት። ስለዚህ መምህሩ ነው፣ ነርሷ ናት፣ ግብርና ቢሮ ያለው አጎት ነው። የሚጠየቅበትም መንገድ የታወቀ ነው፦ «ጋሼ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው።» ጋሼም የወንድማቸውን ልጅ «አይሆንም» ማለት ይከብዳቸዋል፤ ሰው ምን ይላል? ይፈርማሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ፊርማን «ብቻ» ብሎ አያውቅም። አንቀጽ 1933 እንደሚለው፣ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነት የሚጠየቅ ሆኖ ከፈረመ፣ አበዳሪው መጀመሪያ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ጋሼ ሁለተኛ ተሰላፊ መስሏቸው ነበር፤ ለካ ከፊት ነው የቆሙት።

ብድሩን ከሂሳብ ወደ ሞራል የሚያሻግረው ይሄ ነው። በራሴ ገንዘብ ስቆምር ቁማሩ የኔ ነው። ዋስ ጠርቼ ስቆምር ግን የምቆምረው በሌላ ሰው የልጅ ትምህርት፣ በሌላ ሰው ጤፍ ነው። እሱ ደግሞ ቢያሸንፍ ድርሻ የለውም፤ ባጃጁ ሲያተርፍ ማንም ለዋስ ትርፍ አያካፍልም።

እዚህ ላይ ተነስቶ አሮጌውን ማሞገስ ቀላል ነበር። ቆይ ግን። አሮጌውም የራሱ ዋሶች አሉት። ፍሬኑ ያለቀ ሚኒባስ ከሰቆጣ ተነስቶ ኮረም ደርሶ ወደ አላማጣ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ሲይዝ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ምንም ነገር ላይ አልፈረሙም። ገዢው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ መካኒክ ይዞ ሄዷል፣ ጭሱን አይቷል፣ ካምቢዮውን ሞክሯል፣ በጉድለቱ ልክ ዋጋ አስቀንሷል። ያስቀነሳት ገንዘብ ግን አደጋውን አላስቀነሰችም። አደጋው ልጇን አዝላ ለሕክምና የምትሄደው እናት ላይ ተላለፈ፤ እሷ ደግሞ ታሪፏን የከፈለችው እንደ ደህና መኪና ነው። ቦሎ መለጠፉ በራሱ ፍሬን አይሆንም።

የመድን ሕጋችን ለዚህ ሰው ስም አለው፦ ሦስተኛ ወገን። ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሕጉ ያስገድዳል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ በሁለት ሰዎች ውል ውስጥ ያልነበረ፣ በውሉ ግን የሚጎዳ ሰው አለ፣ እሱንም አስቡት ይላል። በሁለቱም ምርጫዎች ጥግ ላይ አንድ ሦስተኛ ወገን ቆሟል እላለሁ እኔ። በአዲሱ በኩል ዋሱ፤ በአሮጌው በኩል ተሳፋሪውና እግረኛው። «አዲስ ወይስ አሮጌ?» እያልን ስንከራከር ሁለቱም ከክርክሩ ውጪ ናቸው።

አንድ ተቃውሞ በደንብ መሰማት አለበት። «ብድር ይቅርብህ» ማለት ለማን ይቀላል? ቀድሞ ላለው። የሰቆጣ ወጣት አሮጌዋን የሚገዛበት ጥሪት ከየት ያመጣል? ከዚያ ላይ ብድሩ ራሱ እንደ ልብ አይገኝም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ በሩ ከጠበበባቸው መካከል ትናንሾቹ ተበዳሪዎች እንደሚገኙበት መገመት አያስቸግርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብድር ብቸኛው መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ እሱን «በቃህ ተቀመጥ» ማለት ምክር አይባልም። ልክ ነው። ለዚህ ነው የሚሠራን ዕቃና የሚታይን ዕቃ መለየት ያለብን። ባጃጁ ገቢ ያስገባል። ለሠርግ አጀብና ለቲክቶክ የተገዛች መኪና ግን በየወሩ የምትበላው ያለ ሥራ ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የተባለው ለሷ ነው፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለውም።

የደጋው ገበሬ ይህን ችግር ከባንክ በፊት ያውቀዋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል። መቀናጆ ነው። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ባለ ጥንድ ለመምሰል አልተበደረም፤ የደከመ በሬም ብቻውን ጠምዶ አልሞተም። እቁብም እንዲሁ ነው፤ በየከተማው መኪና የሚወጣበት እቁብ አለ። እቁብም ዋስ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ብሩ ረክሶ ይጠብቀዋል፤ እንከን የለሽ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ያሟላል፦ የሚጎዳው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጧል፣ ዳኛውን ያውቃል፣ ዕጣውን ያያል። የተደበቀ ሦስተኛ ወገን የለም።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? አቅሙ ለአሮጌዋ የሚበቃ የሰቆጣ ወጣት ቢጠይቀኝ፣ አሮጌዋን ያዝ እለዋለሁ፤ ግን ያለህን ሁሉ አትስጥባት። የፍሬን፣ የጎማና የመሪ ወጪውን ከዋጋው ጋር አንድ ላይ ቁጠረው፤ እሱን ሲደምሩት ካልቻልክ መኪናዋን አልቻልካትም ማለት ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፦ እናትህን ጭነህ የአላማጣን ቁልቁለት ትወርድባታለህ? ብድር ብቻ ከሆነ መንገዱ ደግሞ፣ ትንሽና አጭር ይሁን፣ መኪናዋም የምትሠራ ትሁን፤ ሦስት ወር ብትቆም ከዋሱ ደመወዝ ሳይነካ መክፈል የምትችልበትን ገንዘብ ቀድመህ አስቀምጥ።

ዋሱ ጋ ስትሄድም «ፊርማ ብቻ ነው» አትበል። ቁጭ በልና ጠቅላላ ዕዳውን፣ የወሩን ክፍያ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ባትከፍል ባንኩ መጀመሪያ የማንን በር ሊያንኳኳ እንደሚችል ንገረው። ያንን ሁሉ ሰምቶ «አይሆንልኝም» ካለህ አትቀየመው። ስለ መኪናህ እውነቱን ያወቅከው ያኔ ነው።