መቅዳትና መስረቅ

አንድን ነውር ከኅብረተሰቡ ለማስወገድ የሚደረግ ቅስቀሳ ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ዓላማው ትክክል ከሆነ ማስረጃው ቢዛባ ምን ይጎዳል?» የሚል ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ያለ ፈቃድ መቅዳትን ለማስቀረት በአሜሪካ የተካሄደው የማስተማር ዘመቻ ለዚህ ጥያቄ መመርመሪያ ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አብዛኞቹ ፕሮግራሙን ሳይከፍሉ እንደሚወስዱ ከገለጸ በኋላ፣ ከእነርሱ የተገኘው ገቢ በድካሙ ሲሰላ ለአንድ ሰዓት ሥራ 2 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ አስረዳ። ቃሉ መራራ ቢሆንም ክርክሩ በላብ ዋጋ ላይ የቆመ ነበር። በ1992 የሶፍትዌር አሳታሚዎች ማኅበር «ያንን ፍሎፒ አትቅዱ» የሚል፣ በራፕ ዘፈን የታጀበ ፊልም ለተማሪዎች አዘጋጀ። ፊልሙ ስለ ሠሪዎቹ ድካም ቢናገርም፣ መቅዳት ከቀጠለ አዳዲስ ጨዋታዎች እንደማይኖሩ ያስፈራራ ነበር። ይሁን እንጂ መቅዳቱም አልቆመም፤ ጨዋታዎቹም አልጠፉም። በ2004 ደግሞ የፊልም ኩባንያዎች ማኅበር ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፊልም መውሰድን መኪና ከመስረቅ ጋር አመሳሰለው።

መኪናው የተሰረቀበት ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ሥራው የተቀዳበት ሰው ግን ሥራው ከእጁ አልወጣም። ይህን ልዩነት ሕፃን ያስተውለዋል። መምህሩን በአንዲት የተዛባ ምሳሌ የያዘ ተማሪ ደግሞ ከምሳሌው ጋር እውነቱንም አብሮ ይጥለዋል። የማስረጃ መዛባት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በመቅዳት የሚወሰደው ምንድን ነው? ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ይፋ ባደረገው ግኑ በተባለው ሥራ፣ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲቀዳ፣ እንዲያሻሽልና ለሌላው እንዲያካፍል ፈቀደ። በዚህ ሥራ ዘንድ መቅዳት የሠሪውን ቃል መፈጸም ነው። እንግዲያስ ነውሩ የሚገኘው በመቅዳቱ ሳይሆን፣ የሠሪውን ፈቃድ ረግጦ ድካሙን በከንቱ በመውሰዱ ነው።

«የሌለውስ ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዛቻም አይመለስም። ችግር የመቅዳቱን ምክንያት ያስረዳል እንጂ መብት አይሰጥም። ባለቤቱም ቢሆን የደሃውን ተማሪ አቅም ሳያይ ዋጋ ሲተምን ከወቀሳ አያመልጥም። በፈቃድ የተሰጠ እያለ ያልተፈቀደውን የሚመርጥ ሰው ግን ማመካኛው ችግር ሊሆን አይችልም።

በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር እኩል ይጠብቃል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን ኅሊናን አያንጽም። ካሴቱ ያለ ፈቃዱ ተባዝቶ በየገበያው ሲሸጥ ያዘነ ድምፃዊ፣ ዛሬ አዲሱን ዜማውን በተቀዳ ፕሮግራም ቢያቀናብር፣ ኀዘኑ ለራሱ ብቻ ነበር ማለት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ስንል፣ ወርቁ የማይታይ የአእምሮ ሥራ ሲሆንም ያው ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከተማሪው አስቀድሞ በመምህሩና በጥበብ ሰው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ይጀመር።