መጎብኘትና መጠየቅ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በአማርኛችን ወደ ሰው ዘንድ መሄድን የምንገልጽባቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ መጎብኘት፣ ሌላው መጠየቅ። አገር እንጎበኛለን፤ ሕመምተኛን፣ እስረኛን፣ ሐዘንተኛን ግን እንጠይቃለን። «ጠያቂ የሌለው ሰው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እስቲ ዛሬ አንድ ነገር አብረን እንመርምር። ወደ ሰው መንደር ስንሄድ ልንጎበኝ ነው ወይስ ልንጠይቅ?

ልዩነቱን እኔ የተማርኩት ጪጩ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጋር ከዲላ ተነሥተን ጪጩ ደረስንና በእግራችን ዳገቱን ተያያዝነው። የጌዴኦ ምድር ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሽቅብ የሚወጣ ተራራማ አገር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዳገቱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ስልኮቻችንን አውጥተን ፎቶ ማንሳት ጀመርን። ከመካከላችን አንዱ በደስታ፣ «እግዚአብሔር የተከለው ጫካ!» ብሎ ጮኸ። አጥራቸው ሥር ቆመው ሲያዩን የነበሩ አንዲት እናት ሳቁ። «እግዚአብሔርማ አበቀለው፤ የተከለው ግን ባለቤቴ ነው» አሉን።

ለካ ጫካ አልነበረም፤ ጓሮ ነበር። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰትና ቡና አብረው ይበቅላሉ። የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩ ደግሞ ቁልቁለቱን ዝናብ እንዳይወስደው ይይዘዋል። እንሰቱ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም የሰው እጅ ያልነካው ዱር ስለሆነ አይደለም፤ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ የተንከባከበው ስለሆነ ነው። እኛ ግን ሳንጠይቅ ስላየን የሰውን ላብ ጫካ ብለን ጠራነው።

እኚያ እናት ወደ ቤታቸው አስገቡን። ቆጮ በጎመን አቀረቡልን፤ ቡና አፈሉልን። የእያንዳንዳችንን ስም፣ የማን ልጆች እንደሆንን፣ ወላጆቻችን ደኅና መሆናቸውን ጠየቁ። ማታ ዲላ ተመልሰን ፎቶዎቹን ስናይ የእርሳቸው ምስል በአምስታችን ስልክ ውስጥ ተገኘ። ስማቸውን የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። አፈርን።

«ታዲያ ማየት ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ ማድነቅ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የሚያይ ሰው ዓይኑ ሲጠግብ ይሄዳል። የሚጠይቅ ሰው የማላውቀው ነገር አለ ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ መልሱንም ለመስማት ይቀመጣል። ጌታ በሉቃስ 10 ሰባዎቹን ሲልክ ኮረጆና ከረጢት እንዳይዙ፣ በገቡበት ቤት እንዲቆዩ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ስንቅ አስይዞ መላክ አቅቶት ነውን? አይደለም። ባዶ እጁን የሄደ ሰው የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ግን ለወንጌል ስርጭት ስንወጣ ስንቃችንን፣ የድምፅ ማጉያችንን፣ መልሳችንን ሁሉ ይዘን እንሄዳለን። ተናግረን እንመለሳለን፤ ከማንም ምንም ሳንቀበል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች መጠለያ ሆኑ። የተፈናቃዮቹን ምስል ያላየ ሰው አልነበረም፤ አልቅሰንም ይሆናል። ከዚያ በኋላስ? ቤታቸውን እንዴት አገኙት፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቀጠሉ ወይ ብለን ስንቶቻችን ጠየቅን? በማቴዎስ 25 ንጉሡ ታሞ ሳለ የጠየቁትን ያመሰግናል፤ ያዕቆብም እውነተኛው አምልኮ ወላጅ አልባ ልጆችንና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅ እንደሆነ ይናገራል። በሁለቱም ስፍራ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።

ጌታችን ያደገባት ናዝሬትም በኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ናትናኤል ሳይጠይቅ ናቃት፤ ፊልጶስ ግን መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው። ጌታ ራሱ ከሰማይ ሆኖ አይቶን ብቻ አላለፈም። መጣ፣ ከእኛ ጋር ኖረ፣ የሳምራዊቱን ሴት ውኃ ለመነ። ሁሉ የእርሱ የሆነው ጌታ ለመለመን ካላፈረ እኛ ለምን እናፍራለን?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስም ጠይቁ። የቀረበላችሁን ብሉ። ከመሰነባበታችሁ በፊት እናንተ የማታውቁትን እነርሱ የሚያውቁትን አንድ ነገር ተማሩ። ከተመለሳችሁ በኋላም እንደገና ጠይቁ።

እኔ ከሁለት ወር በኋላ ብቻዬን ወደዚያ ዳገት ተመለስኩና የእኚያን እናት ስም ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ከዚያም ወንበር እየሳቡልኝ፣ «ገና አሁን መጣህ» አሉኝ።

ጌታ ጠያቂዎች ያድርገን።