ሊሲያንተስን የሚያሳድገው ትዕግሥት ነው

የሊሲያንተስን ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላት ጥማት አይደለም፤ የእኛው ውኃ ነው። ገና ሁለት ቅጠል ያወጣችውን ችግኝ ጠዋት ያጠጣ ሰው፣ ማታ ተመልሶ ይደግማታል። በማግሥቱም እንዲሁ። ሳምንት ሳይሞላ አገዳዋ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያም ትተኛለች። ባለቤቱም «ይህ የፈረንጅ አበባ እኛ ዘንድ አይሆንም» ብሎ ይፈርድና ገበያ ወጥቶ የፕላስቲክ አበባ ይገዛል። ወገኖቼ፣ ይህን ፍርድ እንድታነሡ እለምናችኋለሁ። ፕላስቲኩንም ከጠረጴዛችሁ ላይ አንሡት፤ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሚያደርገው የለም።

ሊሲያንተስ ከሩቅ ሲያዩት ጽጌረዳ ይመስላል፤ እሾህ ግን የለውም። ነጭ አለ፣ ሮዝ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላም አለ። አገዳው ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አንዱ አገዳ ብዙ እምቡጥ ስለሚይዝ፣ ያበበው ሲጠወልግ ሌላው ይፈነዳል። ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከገባ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ለበዓል በውድ ተገዝቶ በሦስተኛው ቀን አንገቱን ለሚደፋ አበባ ገንዘብ ስናወጣ ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ሜዳ ነው፤ ከኔብራስካ እስከ ቴክሳስና ሰሜን ሜክሲኮ ድረስ በዱር ይበቅላል። ዛሬ በአበባ መሸጫ የምናየውን ድርብርብ የአበባ ቅጠልና ልዩ ልዩ ቀለም የሰጡት ግን በዋናነት የጃፓን አዳቃዮች ናቸው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምረው ለአሥርተ ዓመታት ደክመውበታል። በገዛ አገሩ ደግሞ የዱሩ አበባ እየተመናመነ ሄዷል። አንዱ ምክንያት ውበቱ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ዘር ሳይጥል ይቀጥፈዋል። ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ ወገኖች «ብሉ ቤል» የሚባለውን አይስክሬም ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የቴክሳስ አበባ ነው። ሜዳ ላይ ስታገኙት ፎቶ አንሥታችሁ እለፉ። እኛም በመስከረም ለአደይ አበባ ብናስብለት መልካም ነው፤ ልጆቻችን እቅፍ ሙሉ ከሚነቅሉ ጥቂት ቀጥፈው ቀሪውን ለዘሩ ይተዉለት።

ወደ ዘሩ ልመለስ፤ ትልቁ ፈተና እዚህ ነውና። የሊሲያንተስ ዘር ከጤፍ እንኳ እጅግ ያንሳል፤ አንድ ግራም ውስጥ ወደ 20,000 ፍሬ ይገባል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሸክላ ነገር ተለብጦ፣ እንክብል ሆኖ ይሸጣል። አፈር አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። የተነፋና የረጠበ አፈር ላይ አስቀምጡት፣ እንክብሉ እንዲሟሟ በመርጫ አርጥቡት፣ ትሪውን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አኑሩት። ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል የቆመ ይመስላል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ ማዳበሪያ የሚጨምረው፣ ሥሩን ለማየት ችግኙን የሚነቅለው ያን ጊዜ ነው። እባካችሁ ተዉት! ከላይ የቆመ ቢመስልም ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ ነው።

ስታጠጡም ከላይ አታፍስሱ። ከሥሩ የተበሳሳውን ትሪ ውኃ ባለበት ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት፤ አፈሩ ከታች እየሳበ ላዩ ሲጠቁር አውጡትና ውኃው ይንጠፍጠፍ። ቀጥሎ የምታጠጡት ላዩ ሲነጣ ብቻ ነው።

ሙቀትም ያበላሸዋል። ችግኙ ሕፃን ሳለ ከ28 ዲግሪ በላይ ከቆየበት ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አገዳ አያወጣም። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያላችሁ፣ ችግኙን በቀዝቃዛው ወቅትና በቀዝቃዛ ቦታ አፍሉት። አዲስ አበባና የደጋ ከተሞች ግን በዚህ በኩል ታድለዋል፤ አየራቸው ለስላሳ ነው። ይህን ጸጋ ይዘን ግቢያችንን በሙሉ ሲሚንቶ ማልበሳችን ያሳዝነኛል።

ሦስት ጥንድ ያህል እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ሥሩን ሳትነኩ ከነአፈሩ አንሥታችሁ ወደ መደብ አዛውሩት፤ በችግኝና በችግኝ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኑር። ሊሲያንተስ ኮምጣጣ አፈር አይወድም። የደጋው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነ ጥቂት የግብርና ኖራ ወይም የተነፋ አመድ ይቀላቀልበት። ጥቁር አፈር ያላችሁ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ጨምሩበት። ጥሬ ፍግ አታቅርቡለት። ካደገ በኋላ ውኃውን ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ስጡት፤ ቅጠሉና አበባው ረጥቦ ካደረ ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል። ነፋስ እንዳይጥለው በእንጨትና በገመድ ደግፉት።

መስከረም ላይ የተዘራ ከአምስት ስድስት ወር በኋላ፣ ቢዘገይም ክረምቱ ሳይገባ ያብባል፤ ለፋሲካ ቤታችሁን በገዛ አበባችሁ ልታስጌጡ ትችላላችሁ ማለት ነው። አንዱ ወይም ሁለቱ እምቡጥ ሲፈነዳ ቁረጡት። ከታች ጥቂት ጥንድ ቅጠል ከተዋችሁለት እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

ዘሩን በተመለከተ አንድ አደራ አለኝ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ ደብቆ እንዲያመጣላችሁ አታድርጉ፤ ከዘርና ከአፈር ጋር የሚገባ በሽታ የገበሬውን ማሳ ሊያጠፋ ይችላል። በሕጋዊ መንገድ የገባውን ፈልጉ። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትንም ደጋግማችሁ ጠይቋቸው፤ ፈላጊ ሲያዩ ያፈላሉ። የበቀለላችሁ ከመደባችሁ ሲተርፍ ለጎረቤት አካፍሉ፤ ችግኙን ስትሰጡም አጠጣጡን አብራችሁ አሳዩ።