ብዙ የተሰጠው ተማሪ

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ብዙ ከተሰጠው ሰው ብዙ እንደሚፈለግ ያስተምረናል። ይህ ትምህርት በከፍተኛ ትምህርት ቤት ላሉት ልጆቻችን ምን ይላል?

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኞቹም መምህራን ሆነው አገለገሉ። ሥራው መልካም ነበረ። ነገር ግን ሕግ ተማሪውን ወደ ገጠር ሊልከው ይችላል እንጂ ገበሬውን እንዲወድ ሊያደርገው አይችልም። ለዲግሪው ብቻ የሚያገለግል ሰው ቀን ሲቈጥር ይከርማል።

እኛ ግን በሥራችን ሳይሆን በክርስቶስ በማመን በጸጋ ጸድቀናል። በአገልግሎታችን የምንገዛው ጽድቅ ስለሌለ፥ እጃችን ለባልንጀራችን ነጻ ነው። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ጌታ መምህራቸው ነበረ፤ መምህርነቱ ዝቅ ከማለት አልከለከለውም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በ1972 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፥ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት እንዳይነጣጠሉ አሳሰበች። ሰው አንድ ነውና፤ ነፍሱን እየመገብን ሥጋውን ልንረሳ አይገባንም።

በጁባም ሆነ በአዲስ አበባ የምትማሩ ልጆቻችን ሆይ፤ እናንተን ለማስተማር በሬውን የሸጠውን አባት በተማራችሁ ጊዜ አትናቁት። እኛም ገንዘብ ብቻ ልከን ጸሎታችንን አንንፈጋቸው። ጌታ እውቀታቸውን በፍቅሩ ይቀድስልን። አሜን።